በሹካው ላይ የቆመ ሰው

ሰኞ ገበያ በደሴ ከተማ ስሙ የታወቀ ሰፈር ነው። በዚያ ያሉትን የነጋዴዎች መጋዘን ገብቶ ያየ ሰው፣ ዕቃው ሁሉ ወደ ጎን መስፋቱን ትቶ ወደ ላይ ማደጉን ሳይታዘብ አይቀርም። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናትና ለጥ ያለ ሜዳ አይበዛላትም፤ የመጋዘን ኪራይም ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው የሳሙናውን ካርቶን፣ የዘይቱን ጀሪካን፣ የስኳሩንና የዱቄቱን ከረጢት ቆርቆሮው እስኪነካ ድረስ ይቆልለዋል። ከበላይ ያለው ዕቃ በተፈለገ ጊዜ አንድ ጎበዝ ጫማውን አውልቆ፣ በከረጢቱ ጫፍ እየተንጠላጠለ ይወጣና ወደ ታች ያቀብላል። አንዳንድ ጊዜም ይወድቃል። የወደቀው በከረጢት ላይ ከሆነ «አላህ አተረፈህ» ተብሎ፣ ጥቂትም ተስቆበት፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። በሲሚንቶ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ግን የሚስቅ የለም።

እኛ ዛሬ የምንጽፈው ከዚህም ከፍ ካለ ቦታ ስለሚሆነው አወዳደቅ ነው። ወደ ሰኞ ገበያ ሱቆች ከሚገባው ዕቃ ብዙው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ፣ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ዝቅ ብላ ከተቀመጠችው ከኮምቦልቻ ይመጣል። ኮምቦልቻ የመጋዘን ከተማ ናት። በቦርከና ወንዝ አጠገብ ሜዳ ስላላት ፋብሪካውም፣ ደረቅ ወደቡም፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጠው የእህል መጠባበቂያም በዚያ ሆነ፤ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያው ተሠራ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ ላይ የደረሰውን ረኃብ የሚያስታውስ ሰው፣ በኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ሙሉ ስንዴ መኖሩ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያስረዳው አያስፈልገውም። እንግዲህ ይህን ያህል ዕቃ በሰው ጀርባ ብቻ ማንሣትና መደርደር ስለማይቻል፣ ከሥራው ከፊሉ ለመኪና ተሰጠ።

መኪናይቱ ፎርክሊፍት ትባላለች። በፊቷ ሁለት የብረት ሹካዎች አሏት፤ እነዚህን ፓሌት በሚባለው የእንጨት ርብራብ ሥር ታስገባና በምሰሶዋ ላይ ወደ ላይ ትስባቸዋለች። ክላርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1917 የሠራው የዕቃ ማመላለሻ መኪና ለዛሬዋ ፎርክሊፍት እንደ አባት ይቆጠራል፤ እርሷንና ፓሌቱን በዓለም ሁሉ ያዳረሳቸው ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ከረጢት በትከሻው ተሸክሞ በሳንቃ ላይ ሲወጣ ወገቡ የጎበጠውን ጫኝና አውራጅ ያየ ሰው፣ ይህችን መኪና ቢያመሰግን እንጂ ሊነቅፍ አይችልም። እኛም አንነቅፋትም።

ነገር ግን ይህች መኪና የተሠራችው ዕቃ ለማንሣት ብቻ ነው፤ ሰው ታነሣለች ተብሎ አልታሰበባትም። ሹካዋ ከአንድ ሰው መዳፍ እምብዛም የማይሰፋ ብረት ነው። በሹካው ላይ የተቀመጠው ፓሌት አልታሰረም፤ ወደ ታች የሚይዘው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። በላዩ ሃያ ከረጢት ሲጫንበት ክብደቱ ያረጋዋል፤ አንድ ሰው ብቻ ሲቆምበት ግን ቀላል ሳንቃ ነውና፣ ሰውየው ወደ ጫፉ በተጠጋ ጊዜ በሌላው ወገን ሊነሣ፣ ወይም ከሹካው ላይ ሊንሸራተት ይችላል። መኪናይቱም ራሷ፣ አራት ጎማ ያላት ብትመስልም፣ ሚዛኗን የምትጠብቀው በሦስት ነጥቦች ነው፤ እነርሱም ሁለቱ የፊት ጎማዎችና የኋለኛው አክስል መካከል ናቸው። ሸክሙ ከፍ ባለ ቁጥር ይህ ሚዛን እየጠበበ ይሄዳል። ደግሞም ሹካውን የሚያነሣው እጀታና ምሰሶውን ወደ ፊት የሚያዘነብለው እጀታ በነጂው ፊት ጎን ለጎን የተተከሉ ናቸው፤ አንዱን ሲሹ ሌላውን መንካት ለማንም የሚያጋጥም ነገር ነው። ከታች ሲታይ ትንሽ የሆነው ማዘንበል፣ ከላይ ለቆመው ሰው ምድር ከዳችው ማለት ነው።

ተማሪ ለሆኑ አንባብያን አንድ ስሌት እናቅርብ። ከ4 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው ምድር እስኪደርስ ድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሰከንድ አይሞላም፤ ሲደርስም በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ፍጥነት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ነጂው እጁን ወደ እጀታው ቢሰድድም አይደርስም፤ የሚወድቀውም ሰው የሚጨብጠውን ለመምረጥ ጊዜ የለውም። 4 ሜትር ማለት ደግሞ በእህል መጋዘን ውስጥ ብርቅ ከፍታ አይደለም።

ታዲያ ሰው ስለ ምን ይወጣል? በሥራችን ምክንያት መጋዘኖችን የማየት ዕድል ስለነበረን፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነገር መሆኑን ታዝበናል። አምፖል ተቃጥሎ ይሆናል። የተቀደደ ከረጢት እህል ያፈስስ ይሆናል። በላይኛው ካርቶን የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ አስፈልጎ ይሆናል። ሁሉም «ለአንድ ደቂቃ» የሚባል ሥራ ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ሥራ ደግሞ መሰላል ፍለጋ የሚሄድ የለም። ከሁሉ ይልቅ ግን በመንግሥትም ሆነ በግል መሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች ልናስብበት የሚገባን የዓመቱ የንብረት ቆጠራ ነው።

የቆጠራን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ኮሚቴ ይሠየማል፤ የኮሚቴውም አባሎች ሰሌዳና እስክሪብቶ ይዘው ወደ መጋዘን ይወርዳሉ። ከታች ያለውን በዐይናቸው ይቆጥራሉ። ከላይ ያለውን የሚቆጥርላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። መሰላሉ የተሰበረ ወይም አጭር ይሆናል። ፎርክሊፍቷ ግን እዚያው ቆማለች።

በሰኞ ገበያ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ላይ ሶፍት፣ ማስቲካና ክብሪት ደርድሮ የሚሸጥ አንድ ሰው እናውቃለን። ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት ይጠጋል፤ ሲነሣ በምርኩዝ ነው። ቀድሞ በኮምቦልቻ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ መጋዘን፣ ጫኝና አውራጅ ነበር። ነገሩን እንዲያጫውተን የጠየቅነው ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው በወረደበት ሰዓት ነው፤ እርሱም ያለ ምሬት እንዲህ አለን፦

«አንቱ፣ ኮሚቴዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ረፋድ ላይ ሻይ ጋብዘውናል። ካቦው ‹ውጣና ቁጠርላቸው› አለኝ። ነጂው ጓደኛዬ ነው፤ ‹አብሽር፣ ቀስ አድርጌ ነው የማነሣህ› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቀስ አድርጎ ነው ያነሣኝ። ሁለት ጊዜ ወጥቼ በሰላም ወረድሁ። በሦስተኛው ከኋላ ያለውን ረድፍ ለማየት ወደ ክምሩ ዘንበል ስል እንጨቱ ከእግሬ ሥር ሸሸብኝ። ከዚያ ወዲያ ሲሚንቶው ቀዝቃዛ እንደ ነበር ብቻ አስታውሳለሁ።»

«አልወጣም ማለት አትችልም ነበር ወይ፣ ወንድሜ?» አልነው።

«ማለቱንስ እችል ነበር። ግን በር ላይ ሥራ የሚጠብቅ ስንት ሰው እንደሚቆም አንቱም ያውቃሉ።»

ወገቡና ዳሌው ተሰብሮ ብዙ ወራት ተኛ። ቆጠራው በማግሥቱ በሌላ ሰው እጅ ተፈጸመ፤ ያም ሰው የወጣው በዚያችው መኪና ነው። በቃለ ጉባኤውም ጉድለት አለመገኘቱ ተጻፈ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንሰማ ነው ነገሩ ከአደጋ ያለፈ መሆኑ የገባን። ሰውየው ካሣ በጠየቀ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ አንድ ወረቀት አውጥቶ አሳየው። በተቀጠረበት ቀን ሳያነብ የፈረመው የሥራ ደንብ ነው፤ ከደንቦቹም አንዱ በዕቃ ማንሻ ላይ ሰው መውጣት ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን ይናገራል። ይኸው ቃል በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ በመኪናይቱም ምሰሶ ላይ በቀይ ቀለም ተስሏል። ወረቀቱ እውነቱን ነው። የካቦው «ውጣ» የሚለው ቃል ግን በምንም ወረቀት ላይ አልሰፈረም። በመጨረሻ ጉዳዩ በሽማግሌ አለቀ፤ የሕክምናው ወጪና የጥቂት ወራት ደመወዝ ተሰጠው። የወሎ ሽምግልና ደም ያደርቃል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ያስታርቃል፤ እኛም እናከብረዋለን። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ የተጣላ ሰው አልነበረም። አንዱ ተሰብሯል፣ ሌላው ደግሞ ሒሳብ ነበረበት፤ ለዚህ ዕርቅ ምን ያደርጋል?

ሕጉን እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ከርሱ በፊት እንደ ነበረው አዋጅ ሁሉ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚህ መድረስ በሌላው ዓለም ብዙ ዘመን የፈጀ ክርክር ተደርጎበታል። ነገር ግን አዋጁ አንድ በር ትቷል። ሠራተኛው በራሱ ላይ ሆን ብሎ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው አይጠየቅም፤ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስም ሆን ብሎ እንደ መጉዳት ሊቆጠር ይችላል። የዚህን ድንጋጌ አሳብ እንረዳለን፤ ቀበቶህን ታጠቅ እየተባለ በእልኸኝነት ለሚጥል ሰው የተጻፈ ነው። ይሁን እንጂ ደንቡ በጽሑፍ «አትውጣ» እያለ አለቃው በቃል «ውጣ» በሚልበት ቦታ፣ ያው ጽሑፍ ሠራተኛውን ከመውደቅ ሳያድነው ከወደቀ በኋላ ይመሰክርበታል። እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚቀርብለት ዳኛ፣ ወይም መጋዘን የሚጎበኝ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ፣ ደንቡ መለጠፉን ብቻ አይቶ እንዳይመለስ እንለምናለን። መጠየቅ ያለበት፣ ትናንት አምፖሉን የቀየረው ማነው፣ በምንስ ወጣ የሚለው ነው።

ሠራተኛው ቢፈራስ? አዋጁ አሠሪው ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ ዝም ቢል፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንዲችል ይፈቅድለታል። ጥሩ ነው፤ ግን የተፈቀደለት መሄድ ነው፣ የሄደ ሰውም እራቱን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። ከዚህ የተሻለውን የሚናገረው አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት 155ኛው ስምምነት ነው፤ በርሱ መሠረት ከባድና የቀረበ አደጋ መኖሩን በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ፣ በዚህ ምክንያት ክፉ ነገር ሊደርስበት አይገባም። ከሹካው አጠገብ ቆሞ «አልወጣም» የሚለው ሰው የሚያስፈልገው ይህ ቃል ነው። በምሰሶው ላይ ከተሳለው ክልከላ ጎን ይህም ቢጻፍ ቀለሙ ብዙ አይፈጅም።

ነገሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1980 እስከ 1994 በፎርክሊፍት ምክንያት የሞቱትን 1,021 ሠራተኞች አጣርቶ ነበር፤ ከመቶው 22 ያህሉ የሞቱት መኪናይቱ ተገልብጣ፣ 9 ያህሉ ደግሞ ከላይዋ ወድቀው ነው። መሰላል በየማዕዘኑ በሚገኝበት አገር እንኳ ይህ ሆኗል። በእንግሊዝ አገርም የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዙሪያው መደገፊያ ያለው የሰው መቆሚያ ሣጥን በሹካው ላይ ቢታሰር እንኳ፣ ላልታሰበና አልፎ አልፎ ለሚያጋጥም ሥራ ካልሆነ በቀር የዘወትር መሣሪያ እንዲሆን አይወድድም። ቆጠራ ግን ያልታሰበ ሥራ አይደለም፤ ሰኔ በየዓመቱ ይመጣል።

መምህራን የሆኑ ወዳጆቻችን ይህን ሲያነቡ አንድ ነገር ሳይሉ አይቀሩም። ክምሩ በሥርዓት የተደረደረ ከሆነ ቆጠራው ከምድር ሳይነሡ የሚፈጸም ማባዛት ነው፤ በርዝመቱ 8፣ በስፋቱ 5፣ በቁመቱ 20 ከረጢት ከሆነ፣ ድምሩ 800 ነው። ይህን የአራተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል። ቢን ካርዱም በየዕለቱ ገቢና ወጪው ተሞልቶበት ከሆነ ሁለቱን ማመሳከር ብቻ ይቀራል። እኛም ይህንኑ ለአንድ የቆጠራ ሥራ ለለመዱ ሰው ብንነግራቸው ፈገግ ብለው፣ «መሐሉ ባዶ ቢሆንስ?» አሉን። እውነትም በዙሪያው ከረጢት ተደርድሮ ልቡ የተቦረቦረ ክምር አለ፤ ሌባ የመጋዘን ሠራተኛ የሚሠራው ዘዴ ነው፤ ከላይ ካልታየም አይታወቅም። እንግዲህ ያ ሰው በሹካው ላይ የወጣው የኛን ጥርጣሬ ተሸክሞ ነው ማለት ነው። ጥርጣሬው አግባብ ይሁን፤ የሕዝብ ንብረት ነውና መጠርጠር ሥራችን ነው። ነገር ግን ተጠራጣሪው በእስክሪብቶ ቆሞ፣ ማረጋገጫውን ጥቂት ብር ለሚያገኝ ሰው አጥንት ማስከፈል አግባብ ሆኖ አይታየንም። ክምሩን ለሁለት ከፍሎ በመካከሉ መተላለፊያ መተው ይቻላል፤ ጎማና የእጅ መደገፊያ ያለው ደኅና መሰላል መግዛት ይቻላል፤ ይህም ካልተቻለ የኮሚቴው ሰብሳቢ በቃለ ጉባኤው ላይ «የላይኛው ረድፍ በመሰላል እጦት አልታየም» ብሎ መጻፍ ይችላል። ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ የሚደፍር ሰብሳቢ እስካሁን አላጋጠመንም፤ በሚቀጥለው ሰኔ ቢያጋጥመን ግን ስሙን በደስታ እናነሣዋለን።

ባለፈው ጊዜ ኮምቦልቻ በወረድን ጊዜ አንድ የመጋዘን ኀላፊ፣ ቅን ሰው ናቸው፣ ዙሪያው የታጠረ መቆሚያ ሣጥን ለማሠራት አስበው ወደ አንድ በያጅ ዘንድ ይዘውን ሄዱ። በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አዳመጠና፣ ብረቱን መበየዱ ቀላል እንደ ሆነ፣ የሚያስቸግረው ግን ሣጥኑ ከምሰሶው ጋር የሚታሰርበት ሁኔታ መሆኑን ነገራቸው፤ ያልታሰረ ሣጥን ከፓሌት እንደማይሻል፣ እንዲያውም ሰውን ያለ ምክንያት ደፋር ስለሚያደርግ ሊብስ እንደሚችል ጨመረላቸው። ከመሐንዲስ የምንጠብቀውን አነጋገር ከርሱ በመስማታችን ደስ አለን። ቀጥሎም መኪናይቱ በዚያ ከፍታ ላይ ስንት ኪሎ እንደምትችል ጠየቀ። ይህ ቁጥር በፋብሪካው ታትሞ በመኪናይቱ ላይ በተለጠፈ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ተመልሰን ከኀላፊው ጋር ፈለግነው። ሰሌዳው በቦታው አለ፤ መኪናይቱ ዳግመኛ ቀለም በተቀባች ጊዜ አብሮ ተቀብቶ ቁጥሩ ጠፍቷል። ኀላፊው ከኪሳቸው ቢላዋ አውጥተው ቀለሙን ይፍቁ ጀመር።